ድንጋዩን አትርገጡ፣ ዛጎሉን አታንሡ፦ የተማሪዎች ጉዞ በሲድኒው ሮያል ብሔራዊ ፓርክ

ኤፕሪል 25 ቀን 2025 ሜልቦርን ውስጥ በተካሄደው የአንዛክ ቀን (የአውስትራሊያ የጦር ሰማዕታት ቀን) የንጋት መታሰቢያ ላይ፣ የአካባቢው ነባር ሕዝብ ተወካይ የእንኳን ደህና መጣችሁ ንግግር ሲያሰሙ ከታዳሚው መካከል የተወሰኑ ሰዎች በጩኸት አወኩባቸው። የፌዴራል ምርጫው ሊካሄድ ስምንት ቀን ቀርቶት ስለነበር ጉዳዩ ወዲያው የምርጫ አጀንዳ ሆነ፤ የወቅቱ የተቃዋሚ ጎራ መሪ ፒተር ዳተንም ሥርዓቱ ከልክ በላይ በዝቷል አሉ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።) ከዚያ ወዲህ በአውስትራሊያ ስለ አቦርጂኖች ቅርስ ሲነሣ ብዙ የተለያየ ነገር ተደባልቆ ይወራል። የስብሰባ መክፈቻ ንግግሩም፣ ለተራራ ወጪዎች የተዘጋው መንገድም፣ ተማሪ እንዳይረግጠው የተከለከለው አለትም እንደ አንድ ጉዳይ ይቆጠራሉ።

ልጆቻቸውን አውስትራሊያ ውስጥ የሚያስተምሩ አማርኛ ተናጋሪ ወላጆችም ከዚህ ውዥንብር አልዳኑም። ልጁ ይዞት የሚመጣው የጉብኝት ፈቃድ ቅጽ «ቅርጾቹን አትንኩ፣ ዛጎል አታንሡ፣ ከተሠራው መንገድ አትውጡ» የሚል ዝርዝር አለው። ለአንዳንዱ ወላጅ ይህ የሌላ ሰው እምነት ነው፤ ለሌላው ፖለቲካ ነው። ከሲድኒ በስተደቡብ ባለው ሮያል ብሔራዊ ፓርክ ተማሪዎች የሚሄዱበትን የጂቦን መንገድ ደረጃ በደረጃ ብንመረምር ግን ከክልከላዎቹ አብዛኞቹ የድንጋይ፣ የአሸዋና የባሕር ጠባይ የወለዳቸው ሆነው እናገኛቸዋለን። የቀሩት ስለ ቦታው የመናገር መብትና የሕግ ጉዳይ ናቸው፤ እነርሱም ቢሆኑ ታሪካቸው ሲታወቅ ግልጽ ናቸው።

## የማን መሬት፣ የማን ፓርክ

ፓርኩ ከሲድኒ መሐል ከተማ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ የሚገኝ፣ 150 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሆን የአሸዋ ድንጋይ አምባ ነው፤ በምሥራቅ በገደል ተቆርጦ ወደ ውቅያኖስ ይወርዳል። በኤፕሪል 1879 ሲቋቋም ስሙ «ብሔራዊ ፓርክ» ብቻ ነበር፤ በዓለም ላይ ከአሜሪካው የሎስቶን (1872) ቀጥሎ ከተቋቋሙት ከመጀመሪያዎቹ ብሔራዊ ፓርኮች አንዱ ነው። «ሮያል» የሚለው ቅጽል የመጣው ንግሥት ኤልሳቤጥ በ1954 ሀገሪቱን ከጎበኙ በኋላ፣ በ1955 ነው። መጀመሪያ የታሰበው ለከተማው ሕዝብ መናፈሻ እንዲሆን ነበርና ከሩቅ ምሥራቅ አጋዘን መጥቶ ተለቀቀበት፤ ዛሬ የፓርኩ ሠራተኞች ቁጥሩን ለመቀነስ የሚደክሙበት እንስሳ ይኸው ነው።

መሬቱ የዳራዋል ሕዝብ ነው። ዳራዋል ከአውስትራሊያ ነባር ሕዝቦች አንዱ ነው፤ «አቦርጂን» የጋራ መጠሪያ እንጂ የአንድ ሕዝብ ስም አይደለም፤ እንግሊዞች ሲደርሱ በአህጉሩ ከ250 በላይ ቋንቋዎች ይነገሩ ነበር። በ1960ዎቹ በፓርኩ ውስጥ ኩራኩራንግ በተባለ የአለት መጠለያ የተደረገው ቁፋሮ ሰው ከ7,000 ዓመት በፊት እዚያ ይኖር እንደነበር አሳይቷል። ከዚያ የቀደመው የባሕር ዳር ኑሮ አብዛኛው አሁን ከውኃ በታች ነው። ከ20,000 ዓመት ገደማ በፊት በበረዶ ዘመኑ ጫፍ የባሕሩ ወለል ከዛሬው 120 ሜትር ያህል ዝቅ ይል ነበር፤ የባሕሩም ዳርቻ ወደ ምሥራቅ ብዙ ኪሎ ሜትሮች ይርቅ ነበር። ተማሪዎች በጀልባ የሚሻገሩት ፖርት ሃኪንግም ባሕር የሞላው የወንዝ ሸለቆ ነው።

በሕዝብ ወሬ ብዙ ጊዜ የሚሰማው «ባለቤቶቹ ድሮ ጠፍተዋል» የሚለው አባባል ስህተት ነው፤ መነሻው ግን እውነተኛ መዓት ነው። እንግሊዞች በሰፈሩ በ15 ወራት ውስጥ፣ በ1789፣ ፈንጣጣ ገባ፤ ገዢው አርተር ፊሊፕ በሲድኒ አካባቢ ከነበሩት ነባር ሕዝቦች ግማሽ ያህሉ እንዳለቁ ገምቷል። የተረፉት በየባሕሩ ዳር ተሰባሰቡ። ቦተኒ ቤይ ከተባለው የባሕር ወሽመጥ በስተሰሜን በላ ፔሩዝ የሚኖረው ማኅበረሰብ ዛሬም አለ፤ ስለ ጂቦን የመናገር መብት የማን ነው ሲባል ስሙ የሚነሣውም እርሱ ነው።

## ድንጋዩ ለምን ይጎዳል

የጂቦን ቅርጾች በጠፍጣፋ አለት ላይ የተቀረጹ የዓሣ ነባሪ፣ የስቲንግሬይ (ባለ ጅራት ጠፍጣፋ ዓሣ)፣ የካንጋሮና ስድስት ጣት ያለው ሰው መሰል አካል ምስሎች ናቸው። አሠራራቸው ቀረብ ብሎ ሲታይ ይለያል። ቀራጩ መጀመሪያ በሾለ ጠንካራ ድንጋይ እየወቀረ በምስሉ ዙሪያ ተራ በተራ ጉድጓዶች ያበጃል፤ ቀጥሎ በጉድጓዶቹ መካከል ያለውን እየፈገፈገ ያገናኛቸዋል። በደንብ በተጠበቁት ላይ ጉድጓዶቹ ከመስመሩ ሥር ዛሬም ይለያሉ። ቅርጹ መስመር ብቻ ስለሆነና ቀለምም ሆነ ከሰል ስለሌለበት ዕድሜው በካርቦን አይለካም። «ይህ ይህን ያህል ሺህ ዓመት ነው» ብሎ አፉን ሞልቶ የሚናገር አስጎብኚ ካለ ከግምት የዘለለ ነገር አልያዘም።

አለቱ ሆክስበሪ የተባለው የአሸዋ ድንጋይ ሲሆን ከ200 ሚሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። የኳርትዝ አሸዋ በሸክላና በብረት ዝገት ተጣብቆ የተሠራ ነው። አሸዋው ጠንካራ ነው፤ ማጣበቂያው ግን ደካማ ነው። በረጅም ዘመን በአለቱ ገጽ ላይ ብረትና ሲሊካ ተጠራቅሞ ስስ ቅርፊት ይሠራል፤ ቅርጹን ለምዕተ ዓመታት ያቆየው ይኸው ቅርፊት ነው። እርሱ አንዴ ከተሰበረ ከሥሩ ያለው ድንጋይ በጣት የሚፈረፈር ነው።

«ባዶ አለት ላይ ብራመድ ምን ይሆናል?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ እዚህ ላይ ነው። ተማሪው ወደ ቅርጾቹ የሚደርሰው የባሕር ዳሩን አሸዋ አቋርጦ ነው። ከጫማው ሥር የተለጠፈው አሸዋ ራሱ ኳርትዝ ስለሆነ ከአለቱ አሸዋ ጋር እኩል ይጠነክራል፤ ሶሉ የብርጭቆ ወረቀት ሆነ ማለት ነው። አንድ ሰው የሚያደርሰው ጉዳት አይታይም። በየሳምንቱ ሁለት ሦስት አውቶቡስ ተማሪ ሲመላለስበት ግን የመስመሩ ጠርዝ ይዶለዱማል፣ ጥላ መያዙን ይተዋል፣ በመጨረሻም ከአለቱ ጋር ይመሳሰላል። በጂቦን ከመሬት ከፍ ያለ መተላለፊያና መመልከቻ መድረክ የተሠራው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ጠላት ጨው ነው። ከማዕበሉ የሚረጨው ጨዋማ ጠብታ ወደ ድንጋዩ ቀዳዳዎች ይገባል፤ ውኃው ሲተን ጨው ይረጋል፣ የረጋው ጨውም እየሰፋ አሸዋውን ከውስጥ ይገፋዋል። ፎቶ አንሺዎች ቅርጹ እንዲጎላ ውኃ ሲያፈሱበት ይህን የመርጠብና የመድረቅ ዑደት ያበዙታል። በጠመኔ መቀባት ደግሞ ከዚህም ይከፋል። ዱቄቱ ቀዳዳዎቹን ከመድፈኑ ሌላ፣ የሚቀባው ሰው መስመሩ የቱ ጋ እንደሚያልፍ የራሱን ግምት ነው የሚስለው። በጠመኔ የጎላ ያረጀ ፎቶ ላይ ተመሥርቶ «ይህ እንስሳ እንዲህ ያለ ነው» ብሎ የጻፈ ሰው ምናልባት የቀቢውን ስህተት እየገለጸ ይሆናል።

ቅርጹን ያለ ውኃና ያለ ጠመኔ ማጉላት የሚቻለው በፀሐይ ነው። ብርሃኑ በአግድም ሲመጣ አንዱ የመስመሩ ጠርዝ ጥላ ይሠራል፤ ከአናት ሲወርድ ጥላው ይጠፋል። ሲድኒ ከምድር ወገብ በስተደቡብ በ34 ዲግሪ ላይ ስለሆነች በዲሴምበር የእኩለ ቀን ፀሐይ ወደ 79 ዲግሪ ከፍታ ትወጣለች፤ በጁን ግን 33 ዲግሪ ገደማ ላይ ትቆያለች። በሰኔ ማንኛውም ሰዓት ይሠራል ማለት ይቻላል። በበጋ በስድስት ሰዓት (በነሱ 12፡00) የሚደርስ ክፍል ግን ባዶ ድንጋይ አይቶ ይመለሳል። «ምንም የለም እኮ!» ብሎ ወደ መስመሩ ለመጠጋት መድረኩን የሚዘልለውም እንዲህ ያለው ተማሪ ነው፤ በፕሮግራም ዕቅድ ጊዜ የተሠራ ስህተት የሥነ ምግባር ችግር መስሎ ይታያል።

በባለሙያዎች መካከል ያልተቋጨ አንድ ክርክርም አለ። በጥንቱ ሥርዓት የአንዳንድ ቅርጾች መስመር በየጊዜው እንደገና ይፈገፈግ ነበር። አሁን የመጥፋታቸው ነገር ሲያሳስብ ከዘር ሐረጉ የመጡ ሰዎች መስመሩን እንዲያድሱ ይፈቀድላቸው የሚሉ አሉ፤ ቅርጹን ሕያው ያደረገው ማደሱ ነው ይላሉ። ጠባቂ ባለሙያዎች በበኩላቸው የታደሰ መስመር የጥንቱን መሣሪያ አሻራ ለዘለዓለም ያጠፋል ብለው ይሠጋሉ። የሁለቱም ሥጋት እውነት ነው። ለተማሪ ግን ይህን ክርክር መንገር፣ እንደ አብዛኛው የጉብኝት ወረቀት የእንስሳቱን ስም ብቻ ከማስቆጠር በብዙ ይሻላል።

## የዛጎሉ ክምር

ቅርጾቹ ከሚገባቸው በላይ ትኩረት ይወስዳሉ። ከትምህርት አንጻር ብዙ የሚናገረው ከባሕሩ ዳር ካለው የአሸዋ ክምር ላይ ነጭ ነጭ እያለ የሚታየው የዛጎል ንብርብር ነው። ሰዎች ለብዙ ትውልድ በልተው የጣሉት የባሕር ፍሬ ቅርፊት፣ የዓሣ አጥንት፣ ከሰልና የድንጋይ መሣሪያ ስባሪ የተጠራቀመበት ነው። ሳይለማመድ ለሚያየው ሰው ማዕበል ያመጣው ዛጎል ይመስላል። መለያዎቹ ግን አሉ። ማዕበል ያመጣው ክምር ውስጥ ጥቃቅኑም ትልልቁም፣ ሊበላ የሚችለውም የማይችለውም ተደባልቆ ይገኛል፤ ብዙውም በአሸዋ ተፈግፍጎ ለስልሷል። የሰው ክምር ግን ለመብል የሚሆነውን መጠን የመረጠ ነው፤ አፈሩ በከሰል ይጠቁራል፤ በእሳት የተሰነጠቀ ድንጋይም አይጠፋበትም።

የአሸዋ ድንጋይ አፈር አሲዳማ ስለሆነ አጥንትን ቶሎ ይበላል። ዛጎል ግን ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ ሲሟሟ አፈሩን ከአሲድነት ያወጣዋል። ስለዚህ በክምሩ ውስጥ የወደቀ አጥንት ይቆያል፤ ከክምሩ ውጭ የወደቀው ግን ይጠፋል። አንድ ተማሪ የሚያነሣት አንዲት ዛጎል ዋጋ የላትም ይባል ይሆናል። ጥያቄው የመረጃው ቅደም ተከተል ነው፤ ከላይ ያለው ቅርብ ጊዜ፣ ከታች ያለው ጥንት ነው፤ በእጅ የተጎተተ ወይም በእግር የተናደ ንብርብር ቅደም ተከተሉ ይፋለሳል። በተናደው ጠርዝ በኩልም ነፋሱና ማዕበሉ ይገባሉ።

ከንብርብሩ የሚነበበው ብዙ ነው። በሲድኒ አካባቢ ከ1,000 ዓመት ገደማ ወዲህ ባሉት ደረጃዎች ከዛጎል ተፈግፍጎ የተሠራ የዓሣ መንጠቆ ብቅ ይላል። በቅኝ ግዛቱ መጀመሪያ የተጻፉ መዛግብት እንደሚሉት በመንጠቆና በክር የሚያጠምዱት ሴቶቹ ነበሩ። ከዛፍ ልጥ በተሠራች ታንኳ ተቀምጠው፣ ታንኳዋ ላይ በጭቃ መደብ እሳት አንድደው የያዙትን እዚያው ይጠብሱ ነበር። ወንዶቹ ከአለቱ ላይ ሆነው ባለ ብዙ ሹል ጦር ይወረውሩ ነበር። ቅርጾቹ የማይናገሩት የሥራ ክፍፍል ከጥራጊው ውስጥ ይወጣል።

ከመንገዱ ዳር ያሉት ተክሎችም የዚሁ ታሪክ ክፍል ናቸው። ቡራዋንግ የተባለው ዘንባባ መሰል ተክል ፍሬው መርዛም ነው፤ ተሰንጥቆ፣ ለቀናት በውኃ ተዘፍዝፎ፣ ከዚያ ተጠብሶ ይበላ ነበር። ጓያን አብዝቶ መብላት እግርን እንደሚያሽመደምድ፣ መዘፍዘፍም መርዙን እንደሚቀንስ ለሚያውቅ የኢትዮጵያ ገበሬ ቤተሰብ ይህ ዕውቀት ምን ያህል ሙከራና መሥዋዕትነት እንደጠየቀ ማስረዳት አያሻም። በ1770 በመርከብ የመጣው የእንግሊዛዊው ካፒቴን ኩክ መርከበኞች ከዚህ ወገን የሆነ ፍሬ ሳያዘጋጁ በልተው ታመዋል። ሳር ዛፍ የሚባለው ደግሞ ረጅም የአበባ ዘንጉ ለጦር ሶማያ፣ ሙጫው ለማጣበቂያ ያገለግል ነበር።

በሲድኒ አካባቢ የነበሩ ብዙ የዛጎል ክምሮች ዛሬ የሉም። የጠፉት በቱሪስት አይደለም። የመጀመሪያዎቹ ሰፋሪዎች አካባቢው ላይ የኖራ ድንጋይ ስላላገኙ ክምሮቹን እየዛቁ አቃጥለው ለግንብ ኖራ አደረጓቸው። ከከተማይቱ ጥንታዊ ሕንጻዎች መካከል የተወሰኑት ግድግዳ የተጣበቀው በዚህ ነው።

## ማን ይናገር?

ቅጹ ላይ የሚገኙ ሁለት ስሞች ብዙ ጊዜ ይምታታሉ። «ዌልካም ቱ ካንትሪ» የሚባለው የመሬቱ ነባር ሕዝብ አባል ብቻ የሚሰጠው የእንኳን ደህና መጣችሁ ሥርዓት ነው፤ ብዙ ጊዜ ክፍያ አለው። «አክኖውሌጅመንት ኦፍ ካንትሪ» ግን ማንም፣ የኢትዮጵያ ልጅም ቢሆን፣ የመሬቱን ባለቤቶች ጠርቶ የሚናገረው አጭር የእውቅና ቃል ነው። ሁለቱም ጸሎት አይደሉም፤ የሚጠይቁት የእምነት ቃልም የለም። ይህን ካለማወቅ የተነሣ ልጃቸውን ለማስቀረት የሚያስቡ ወላጆች መምህሩን ቢጠይቁ ይሻላል።

የተቃዋሚዎቹ መከራከሪያ ሁለት ፈርጅ አለው። አንደኛው መደጋገም ነው፤ በየስብሰባው ሲነገር ትርጉሙን ያጣል ይላሉ። በዚህ ነጥብ ከነባር ሕዝቦች መካከልም የሚስማሙ አሉ። ሁለተኛው ዜጎችን በቀዳሚነት ይከፋፍላል የሚል ነው። ኦክቶበር 14 ቀን 2023 በተካሄደው ሕዝበ ውሳኔ፣ ነባር ሕዝቦች ለፓርላማ ምክር የሚሰጥ አካል በሕገ መንግሥቱ እንዲኖራቸው የቀረበውን ሐሳብ 60 በመቶ ያህሉ መራጭ ሲጥለው ከተነሡት ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነበር። ደጋፊዎቹ ደግሞ ሥርዓቱ ከማንም መብት እንደማይነሣ፣ የሚያደርገውም ለሁለት ምዕት ዓመት ያልተነገረን እውነት መናገር ብቻ እንደሆነ ይመልሳሉ።

የሜዳ ላይ ጉብኝት ግን ከስብሰባ አዳራሽ ይለያል። አዳራሽ ውስጥ የሚባለው ቃል ከክፍሉ ጉዳይ ጋር ላይገናኝ ይችላል፤ ጂቦን ላይ ግን ጉዳዩ ራሱ ቦታው ነው። የዳራዋል አስጎብኚ ሲኖር የሚለወጠው ነገር በጣም ተጨባጭ ነው። መምህሩ ከመጽሐፍ ያነበበውን ይናገራል፤ አስጎብኚው ከአያቱ የሰማውን፣ መናገር የማይፈቀድለትንም ጭምር ለይቶ ያውቃል። አንዳንድ ታሪክ ለወንዶች ብቻ፣ አንዳንዱ ለሴቶች ብቻ የሚነገር ነው፤ ለተማሪ «ይህን አልነግራችሁም» የሚለው መልስ ራሱ ትምህርት ነው። አስጎብኚ ሳይኖር መምህሩ ስለ ምስሎቹ ትርጉም የሚያወራው ግን ብዙውን ጊዜ ከበይነ መረብ የተለቀመና ከሌላ ሕዝብ የተወሰደ ታሪክ ነው።

ለአስጎብኚ ክፍያ መክፈል የሚያስከፋቸው አሉ፤ ለአውቶቡሱና ለጀልባው ግን ማንም አያንገራግርም። በእኛ አስተያየት፣ ትምህርት ቤቱ ገንዘብ ካነሰው በየዓመቱ ያለ አስጎብኚ ከመሄድ በየሁለት ዓመቱ ከአስጎብኚ ጋር መሄድ ይመረጣል።

## ሕጉ

በኒው ሳውዝ ዌልስ ክፍለ ሀገር የአቦርጂኖች ቅርስ የሚጠበቀው በ1974ቱ የብሔራዊ ፓርኮችና የዱር እንስሳት ሕግ ነው። የሕጉ ስም የችግሩን ግማሽ ይናገራል። የሰው ቅርስ ከአራዊትና ከዕፅዋት ጋር በአንድ አዋጅ ተቀምጧል፤ ራሱን የቻለ የቅርስ ሕግ እንዲወጣ የነባር ሕዝቦች ድርጅቶች ከጠየቁ ቆይተዋል። ያም ሆኖ ጥበቃው ጥብቅ ነው። ቅርሱን አውቆ የሚጎዳ እሥራትና በመቶ ሺዎች ዶላር የሚቆጠር መቀጮ ሊደርስበት ይችላል፤ «አላወቅሁም» ማለትም በራሱ ነጻ አያወጣም። ዛጎል ክምርም፣ ከድንጋይ የተፈነከተ ስባሪም «ቅርስ» በሚለው ውስጥ ይገባሉ።

ጥብቅ ሕግ ብቻውን ግን አያድንም። ሜይ 2020 በምዕራብ አውስትራሊያ የማዕድን ኩባንያው ሪዮ ቲንቶ በጁካን ገደል ሰው ከ46,000 ዓመት በፊት የተጠለለባቸውን የአለት መጠለያዎች በፈንጂ ሲያፈርስ፣ በወቅቱ በነበረው የክፍለ ሀገሩ ሕግ ፈቃድ ነበረው። ምዕራብ አውስትራሊያ ከዚያ በኋላ ያወጣችው አዲስ ሕግ በጁላይ 2023 ሥራ ላይ ውሎ በገበሬዎችና በመሬት ባለቤቶች ተቃውሞ በዚያው ዓመት ተሻረ። ተማሪ አንድ ዛጎል አታንሣ ሲባል «ለኩባንያ የተፈቀደው ለልጄ ይከለከላል?» ብሎ የሚጠይቅ ወላጅ ቢኖር ጥያቄው ተራ አይደለም።

## የጉዞው ቀን

ከሲድኒ ማዕከላዊ ጣቢያ እስከ ክሮኑላ በባቡር አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ ከክሮኑላ በፓርኩ ጫፍ እስካለችው መንደር ቡንዲና በጀልባ ግማሽ ሰዓት ገደማ። ከቡንዲና ተነሥቶ በጂቦን ባሕር ዳር፣ በቅርጾቹና ወደ ባሕር ዘልቆ በገባው በፖርት ሃኪንግ ጫፍ አድርጎ የሚመለሰው ዙር 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለአዋቂ ሁለት ሰዓት የሚበቃው ለ30 ተማሪ ከነማብራሪያው አራት ሰዓት ይወስዳል። ጀልባው በሰዓት አንዴ ስለሚነሣ አንዱን ማጣት የቀኑን ፕሮግራም ያዛባዋል። በተለይ በበጋ፣ በማለዳው ጀልባ ተሻግሮ ቅርጾቹን ማስቀደም፣ ዛጎሉንና ተክሎቹን ፀሐይ ከፍ ስትል ማየት ያዋጣል። መመልከቻው ላይ ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት ተማሪ ቢቆም ሁሉም ያያል፤ ሠላሳው በአንዴ ሲወጡ ከኋላ ያሉት ወደ አለቱ ይወርዳሉ። የቀሩት ሃያዎቹ በዚያ ጊዜ የሚሠሩት ነገር ካልተዘጋጀላቸው ወደ ገደሉ ጫፍ ይበተናሉ።

ለእያንዳንዱ ተማሪ ቢያንስ 2 ሊትር ውኃ፣ ባለ ሰፊ ጠርዝ ባርኔጣ፣ የፀሐይ መከላከያ ቅባትና የተሸፈነ ጫማ ያስፈልጋል። ከቡንዲና ከተወጣ በኋላ በመንገዱ ላይ የሚጠጣ ውኃ የለም። ጫማው ከመነሣቱ በፊት በብሩሽ ተጠርጎ 70 በመቶ አልኮል ሊረጭበት ይገባል፤ በጭቃ የሚጓዘው ፋይቶፍቶራ የተባለው ሥር የሚያበሰብስ ተሕዋስ ሳር ዛፍን ይገድላል፤ አንዴ ከገባ ማጥፊያ የለውም። ሲመለሱ የፀጉር ሥርና ከጆሮ ጀርባ መዥገር መኖሩ ይፈተሻል። በሲድኒ ባሕር ዳር ያለው መዥገር በጣት ተጨምቆ መነቀል የለበትም፤ በቦታው በማቀዝቀዣ መርጫ ይገደላል። የዚህ መዥገር ንክሻ በአንዳንድ ሰው ላይ የቀይ ሥጋ አለርጂ ያስከትላል፤ ሥጋ ለሚወድ ቤት ቀላል ዜና አይደለም።

ተማሪዎች ስለ እባብ ይጠይቃሉ፤ ሰው የሚጎዳው ግን ብዙ ጊዜ ባሕሩና ገደሉ ነው። ከቡንዲና ወደ ደቡብ በሚሄደው የ26 ኪሎ ሜትሩ የባሕር ዳር መንገድ ላይ በፎቶ የታወቁ ሁለት ቦታዎች አሉ፤ ሁለቱም በትምህርት ቤት ፕሮግራም ውስጥ ቦታ የላቸውም። «የሠርግ ኬክ» የተባለው ነጭ አለት ከሥሩ ተቦርቡሮ በባሕሩ ላይ የተንጠለጠለ ነው፤ በ2015 የተደረገ የምሕንድስና ጥናት በአሥር ዓመት ውስጥ ሊወድቅ እንደሚችል ስላመለከተ ታጥሯል። «ስምንት ቁጥር» የተባሉት ኩሬዎች ደግሞ ማዕበል በሚያጥበው መደብ ላይ ናቸው። እዚህ ላይ የሚያሳስተው የአየር ትንበያው አነባበብ ነው። በትንበያ የሚነገረው የማዕበል ከፍታ ከፍተኛ ከሆኑት የአንድ ሦስተኛው ማዕበሎች አማካይ ነው፤ ትልቁን አይናገርም። 2 ሜትር በተባለ ቀን ወደ 4 ሜትር የሚጠጋ ማዕበል ሊመጣ ይችላል። ለሩብ ሰዓት ጸጥ ብሎ የቆየ ባሕር ታዝቦ «ዛሬ ደህና ነው» ማለት የብዙ አደጋ መነሻ ነው።

የእሳት አደጋ ደረጃው እጅግ ከፍ ባለ ቀን ፓርኩ ሊዘጋ ይችላል። በጃንዋሪ 1994 የተነሣው እሳት አብዛኛውን የፓርኩን ክፍል አቃጥሏል። ስለዚህ በማለዳ የፓርኩን ማስጠንቀቂያ ማየት፣ ጉዞ ሲሰረዝ የሚተካው ቀንም አስቀድሞ በቅጹ ላይ መጻፍ ግድ ነው። የአደጋ ጊዜ ቁጥሩ 000 ነው፤ የስልክ አውታር ግን በገደሉ ሥር ይቆራረጣል።

ለእኛ ቤተሰቦች የሚጨመር አንድ ነጥብ አለ። የአውስትራሊያ የመጀመሪያው የትምህርት ወቅት ከበጋው መጨረሻ እስከ ኤፕሪል ድረስ ነው፤ ሁዳዴ የሚውለውም በዚሁ ጊዜ ነው፤ በእነዚህ ዓመታት ረመዳንም እንዲሁ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም የማይቀምስ ልጅ በ30 ዲግሪ ሙቀት በአሸዋ ላይ ሲሄድ የሰውነቱ ውኃ ይጎድላል፤ ምልክቱ ራስ ምታት፣ መፍዘዝና ላብ ማቆም ነው። ቅጹ ስለ ምግብና ስለ ጤና የሚጠይቅበት ቦታ ላይ ይህን መጻፍ ያሳፍራል የሚል ስሜት መኖር የለበትም። መምህሩ ካወቀ ቀኑን ወይም የእግር መንገዱን ርዝመት ሊያስተካክል ይችላል፤ ካላወቀ ግን ልጁ ሲወድቅ ነው የሚያውቀው።

## ከባሕሩ ማዶ

ከጂቦን ወደ ሰሜን የሚታየው ምድር ኩርኔል ነው። ኤፕሪል 29 ቀን 1770 ኩክ የወረደው በዚሁ በኩርኔል፣ በቦተኒ ቤይ በኩል ባለው ዳርቻ ነበር። ሁለት የግዌጋል (የዳራዋል ጎሳ) ወንዶች ሊያግዱት ሲሞክሩ በጠመንጃ ተኮሰባቸው፤ የኩክ ሰዎችም ከጎጆዎቹ አርባ፣ ሃምሳ የሚሆን ጦር ወሰዱ። ከእነዚያ አራቱ በ1771 ለካምብሪጅ ትሪኒቲ ኮሌጅ ተሰጡ፤ በኤፕሪል 2024 ለላ ፔሩዝ ማኅበረሰብ እስኪመለሱም የኮሌጁ ንብረት ሆነው ቆዩ። ጦሮቹ ለዓሣ ማጥመጃ የተሠሩ ናቸው፤ በመንገዱ ላይ የሚታየው ሳር ዛፍና ሙጫ ምን ይሠራ እንደነበር በእነርሱ ላይ ይነበባል። ላ ፔሩዝ ውስጥ ይህን ዓይነት ጦር ዛሬም የሚሠሩ ሰዎች አሉ።

ሲመለሱ የታሰበው በኩርኔል በሚገነባ አዲስ የጎብኚዎች ማዕከል እንዲታዩ፣ እስከዚያም በሲድኒ ዩኒቨርሲቲው ቻው ቻክ ዊንግ ሙዚየም እንዲቆዩ ነበር። ማዕከሉ ሲከፈት የትምህርት ቤቶች ጉዞ ከጂቦን ወደ ኩርኔል ማዘንበሉ አይቀርም፤ ለአለቱ እፎይታ ነው። የዛጎሉ ክምር ግን በማንም ባይረገጥም በአውሎ ነፋስ ማዕበል ከባሕሩ ወገን እየተናደ ነው። በአሸዋ መሸፈን፣ በተክል ማሰር፣ ቆፍሮ መመዝገብ ወይም ባሕሩ እንዲወስደው መተው ይቻላል፤ የትኛው እንደሚሆን ከመሬቱ ባለቤቶች ጋር ሳይመካከር የፓርኩ አስተዳደር ብቻውን አይወስንም።